የእግር ሹራብ ስለ መሥራት

በመንዝና በሰሜን ተራሮች፥ በጣርማ በርም አጠገብ፥ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነው። በዚያ ፀሐይ ሳትወጣ በጎቹን የሚያወጣ እረኛ፥ ውርጭ ያነጣውን ሣር ሲረግጥ ሣሩ ከእግሩ በታች እንደ ጨው ይንኰሻኰሻል። ሰው ለትከሻው ጋቢ ይደርባል፤ ለራሱም መጠምጠሚያ ያበጃል፤ ለእግሩ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ብርድ ሲጸና ሰውነት ደሙን ወደ መካከል ሰብስቦ ለልብና ለሳንባ ሙቀት ያስቀድማል፤ ጣቶችንም ወደ ኋላ ይተዋቸዋል። ስለዚህ ጀርባው የሞቀለት ሰው እንኳ እግሩ ደንዝዞ የረገጠውን ድንጋይ የማያውቅበት ጊዜ አለ።

ለዚህ ብርድ የሚሆነው ልብስ የእግር ሹራብ ነው። በከተማ ካልሲ ይሉታል፤ ይህም ስም ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ሹራብ የሚለው ግን ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዐረቦች ዘንድ ጁራብ የሚባለው የእግር ልብስ ነው። በአማርኛ ስሙ ከእግር ተነሥቶ ወደ ደረት ወጣ፤ እጅጌ ያለውም ልብስ ሹራብ ተባለ። ስለዚህ ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ የእግር የሚል ቃል መጨመር ግድ ሆነ።

ይህ ልብስ አዲስ ነገር አይደለም። በግብፅ አገር አንጢኖጶሊስ በምትባል በጥንት ከተማ፥ ጥራጊ ከሚጣልበት ስፍራ፥ የአንድ ሕፃን የግራ እግር ሹራብ ተቈፍሮ ተገኝቶአል። ዕድሜው ከ1600 ዓመት በላይ ነው፤ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ፈትሉ የበግ ጠጕር ነው፤ ቀለሙም ዝንጕርጕር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ዓመተ ምሕረት ሊቃውንት መርምረው፥ ያ ሁሉ ኅብር ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ ከሚሰጡ ከሦስት ዕፅዋት ብቻ ተቀላቅሎ እንደ ወጣ ገለጡ። አውራ ጣቱ ለብቻው፥ አራቱም ጣቶች ለብቻቸው ማደሪያ አላቸው፤ ይኸውም ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲስማማ ነው። የዚያ ልጅ ስም አልተጻፈም፤ እናቱም ትሁን ሌላ ሰው፥ የሠራው እጅ አይታወቅም። እግሩ ግን ትንሽ እንደ ነበረ፥ ብርድም እንዳያገኘው የሚጠነቀቅለት ሰው እንደ ነበረው ከሹራቡ ይታወቃል።

ያ የግብፅ ሥራ በአንድ መርፌ ብቻ የተሠራ ነው፤ ፈትሉም በየቀለበቱ እስከ ጫፉ ድረስ ይጐተት ስለ ነበር ሥራው እጅግ የሚያደክም ነበር። ዛሬ የሚታወቀው በብዙ መርፌ የሚሠራው ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ከዚያም በ1589 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ የእግር ሹራብ የሚሠራ መኪና አወጣ። ከዚያ ወዲህ መኪናው እየተሻሻለ ሄደ፤ ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ካልሲ ሁሉ ከሞላ ጐደል የመኪና ሥራ ነው፥ ዋጋውም ቀላል ነው። እንዲህ ከሆነ በእጅ መሥራት ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም በፈትሉ ውስጥ ይገኛል፤ ርካሹ ካልሲ አብዛኛውን ጊዜ የጥጥ ወይም የናይሎን ነውና።

ጥጥ በደረቅ ጊዜ መልካም ነው፤ ሲረጥብ ግን በገላ ላይ ተጣብቆ ሙቀትን ይወስዳል። የበግ ጠጕር ጥምዝምዝ ስለ ሆነ በመካከሉ ብዙ አየር ይይዛል፤ በፈትል መካከል የቆመ አየርም ሙቀት አያሳልፍም። ደግሞም ጠጕር ወደ ክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ወደ ውስጡ ስቦ እንኳ በእጅ ሲዳሰስ እርጥብ አይመስልም። በጤዛ ለሚሄድ እረኛ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አይገኝለትም።

የመንዝ በግ ጠጕሩ ብዙ ነው፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፥ ወንዶችም ባናና በርኖስ ይሠሩበታል። ይህ ጠጕር ሻካራ ነው፤ ስለዚህ ለእግር ሹራብ ከግልገል የተሸለተውን ለስላሳውን መምረጥ ይገባል። ከታጠበና ከተበጠሰ በኋላ ይፈተላል፤ ሁለቱም ነጠላ ፈትል አንድ ላይ ይከረራል። ነጠላ ፈትል በተረከዝ በኩል ቶሎ ይሳሳልና ማክረሩን ለመተው የሚፈልግ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ይጸጸታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጀማሪ የሚያስፈልገው አንድ ልቃቂት ወፍራም ፈትል፥ በሁለት በኩል ጫፋቸው የሾለ አራት የሹራብ መርፌዎች፥ አንድ ቆልማማ የኪሮሽ መርፌ፥ አንድም የልክ ክር ናቸው። ሦስቱ መርፌዎች ሥራውን ይሸከማሉ፤ አራተኛው ይሠራል።

የሥራው ሁሉ መሠረት ቀለበት ነው። መርፌው በቀለበቱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ይገባል፤ ክሩ በጫፉ ላይ ይጠመጠማል፤ መርፌውም ክሩን ይዞ ተመልሶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ አሮጌው ቀለበት ይለቀቃል፥ አዲሱም በቦታው ይቆማል። ይህ ቀና ይባል። ክሩ ከፊት ሆኖ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ሲገባ ደግሞ ግልብጥ ይባል። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ሌላ ፊደል የለም፤ የሹራብ ንባብ ሁሉ ከእነዚህ ይወጣል።

ሰው ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ እግሩን ይለካ። የልክ ክር ከጣቶች በላይ እግር በሰፋበት ይዞራል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ቀጥሎ አንድ ትንሽ ቁራጭ ለሙከራ ይሠራል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ይቈጠራል። 20 ቀለበት ቢገኝ፥ ለ20 ሴንቲ ሜትር 40 ቀለበት ይሆናል። ነገር ግን ሹራብ የሚለጠጥ ስለ ሆነ ልክ በልክ ቢሠራ በእግር ላይ ይላላል፤ ስለዚህ አንድ አሥረኛው ተቀንሶ 36 ይቀራል። ብዙ ጀማሪ ይህን መለካት እንደ ከንቱ ድካም ይቈጥራል፤ ሹራቡም ሲያልቅ ለአያቱ የሚሰፋ፥ ለታናሹም የማይገባ ይሆንበታል።

36ቱ ቀለበት በሦስት መርፌ ላይ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆኖ ይከፈላል። መርፌዎቹ በሦስት ማዕዘን ተገጥመው መሥራት በዙር ይጀመራል፤ ነገር ግን ዙሩ ከመዘጋቱ በፊት የቀለበቶቹ ሥር ሁሉ ወደ ታች መመልከቱ ይታይ። አንዱ ከተጠማዘዘ ሥራው ሁሉ ተጠማዝዞ ይቀራል፥ በኋላም የሚያቃናው ነገር የለም። የአፉ ዳር 2 ቀና 2 ግልብጥ እየተደረገ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሠራል፤ ይህ ባትን ጨብጦ የሚይዝ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ቀና ብቻ ነው። በዚህ ክፍል እጅ ሥራውን ይለምዳል፥ ጨዋታም ይቻላል።

ተረከዝ ሲደርስ ጨዋታ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ የተሠራው ከሸንበቆ የማይለይ ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ እግር ግን ይታጠፋል። ስለዚህ ከ36ቱ ቀለበት 18ቱ ለላይኛው እግር ቈመው ይጠብቃሉ፤ በቀሩት በ18ቱ ላይ ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ 18 መስመር ይሠራል፥ በፊቱ ቀና በኋላው ግልብጥ። በየመስመሩ መጀመሪያ ያለው ቀለበት ሳይሠራ ይተላለፋል፤ እንዲህም ሲሆን በሁለቱ ዳር ዘጠኝ ዘጠኝ ረዣዥም ቀለበቶች ይሰለፋሉ።

ቀጥሎ ማጠፍ ነው። በፊቱ መስመር አንዱ ይተላለፋል፤ 9 ቀና ይሠራል፤ ሁለት ቀለበት በአንድነት እንደ አንድ ሆኖ ይሠራል፤ ደግሞ 1 ቀና፤ የቀሩት 5 ሳይነኩ ሥራው ይገለበጣል። በኋላው መስመር አንዱ ይተላለፋል፤ 3 ግልብጥ፤ ሁለት በአንድነት፤ 1 ግልብጥ፤ በዚህም በኩል 5 ይቀራሉ፥ ሥራውም ይገለበጣል። አሁን በተሠራውና ባልተሠራው መካከል ክፍተት ይታያል። ከዚህ በኋላ በየመስመሩ እስከ ክፍተቱ ድረስ እየተሠራ፥ ከክፍተቱ ወዲህ ያለው አንዱና ወዲያ ያለው አንዱ በአንድነት ይያዛሉ፥ አንድም ይጨመራል። በመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች የሚጨመር የለም። በጠቅላላው 8 መስመር ሲፈጸም 10 ቀለበት ይቀራል፤ ጨርቁም ማንም ሳይሰፋው ጐድጕዶ የተረከዝ ጽዋ ይሆናል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ ሁሉ ቈጥሮ ያደረገውን አላምን ብሎ ጣቱን በውስጡ ያስገባል።

ከዚህ ወዲያ በሁለቱ ዳር ያሉት ዘጠኝ ዘጠኝ ቀለበቶች ይለቀማሉ፤ ከ10ሩ ጋር 28 ይሆናሉ፤ የቈሙት 18ም ሲመለሱ በጠቅላላው 46 ይሆናል። ዙሩ እንደ ገና ይጀመራል፤ በየሁለተኛው ዙር የላይኛው እግርና ውስጥ እግር በሚገናኙበት በሁለቱ በኩል አንድ አንድ እየተቀነሰ ወደ 36 ይመለሳል።

በዚህ በተረከዝ ዘንድ ጀማሪ የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ እርሱም ከመርፌ ያመለጠ ቀለበት ነው። ያመለጠው ቀለበት ወዲያው ቢታይ ጕዳቱ ትንሽ ነው፤ ቆልማማው መርፌ ወርዶ ይይዘዋል፥ ደረጃ በደረጃም ይመልሰዋል። ያልታየ እንደ ሆነ ግን እንደ መሰላል እየተፈታ ይወርዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ አይቶ እንዳላየ መሆን ነው።

በመንዝ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ በጎች ይጠብቅ ነበርና ለገና በዓል የእግር ሹራብ ልትሰጠው አሰበች። ፈትሉን አያትዋ ፈተሉላት። የመጀመሪያው ሹራብ በደኅና አለቀ፤ በሁለተኛው ተረከዝ ግን አንድ ቀለበት አመለጣት። በዓሉ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበርና ተቻኰለች፤ ያመለጠውን በቁራጭ ክር አጥብቃ ቋጠረችው፥ ቋጠሮውንም ወደ ውስጥ ገፍታ ሥራዋን ፈጸመች። ከውጭ ሲያዩት እንከን አልነበረበትም።

ልጁ እጅግ ደስ አለው። በአራተኛው ቀን ግን አያቲቱ በደጅ ተቀምጠው ሳለ፥ ልጁ በውርጭ ላይ በባዶ እግሩ እያነከሰ ሲመጣ አዩት፤ ሹራቦቹን በጉያው ይዞአቸው ነበር። ጠርተው እግሩን ቢያዩ ተረከዙ ውኃ ቋጥሮ ፈርጦ ነበር።

«እንግዲያ ስለ ምን አልተናገርህም?» አሉት።

«እታለም እንዳታዝን ብዬ ነው» አለ።

አያቲቱ እግሩን በለብታ ውኃ አጠቡለት፤ ሹራቡንም ገልብጠው በጣታቸው ሲዳስሱ ቋጠሮውን አገኙ። ልጂቱም ቆማ ታይ ነበር።

«እማማ፥ ማንም አያየውም ብዬ ነው» አለች።

«ሰውስ አላየውም፥ ልጄ፤ የወንድምሽ ተረከዝ ግን አገኘው» አሉ።

ልጂቱ አለቀሰች። የሚያሳዝናት ቋጠሮው ብቻ አልነበረም፤ ሹራብ የሚተረተረው ከፈጸሙበት ወደ ጀመሩበት ስለ ሆነ፥ ወደ ተረከዙ ለመድረስ ደኅናውን ጣትና ደኅናውን ውስጥ እግር ማፍረስ ነበረባት። «ድካሜ ሁሉ ጠፋ» አለች። አያቲቱም የፈትሉን ጫፍ ፈትተው በእጅዋ ሰጡአትና፥ «ጠፋ ያልሽው ይኸው በእጅሽ ነው፤ ጠቅልዪው» አሉአት። እርስዋም እየተረተረች ጠቀለለች፤ ከተረከዙ በላይ ስትደርስ 36ቱን ቀለበት አንድ በአንድ በመርፌ ለቀመች፥ ሁለት ጊዜም ቈጠረቻቸው። ሁለት ሌሊት በእሳቱ ዳር ሠራች። ወንድሟም እግሩ እስኪደርቅ ድረስ ከቤት ዋለ፤ በጎቹንም የጐረቤት ልጅ ጠበቀለት።

ስለ አንድ ቋጠሮ ይህን ያህል መናገር ለሚገርመው ሰው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1918 ዓመተ ምሕረት የተደረገው የዓለም ጦርነት ምስክር ነው። በዚያ ጦርነት ወታደሮች በተቈፈረ ምሽግ ውስጥ በብርድ ውኃና በጭቃ ቆመው ይሰነብቱ ነበር። ውኃው በረዶ ባይሆን እንኳ እግራቸው እያበጠና እየደነዘዘ ሥጋው ይሞት ነበር፤ ብዙዎችም እግራቸውን አጡ። መድኃኒቱ እግርን ማድረቅ፥ ዘይት መቀባትና ደረቅ የጠጕር ሹራብ መለወጥ ነበር፤ አለቆችም የወታደሮቻቸውን እግር እንዲመረምሩ ታዘዙ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሴቶችና የተማሪ ቤት ልጆች የእግር ሹራብ እየሠሩ ይልኩ ነበር፤ ሠሪዎቹም በውስጥ እግር በኩል ቋጠሮ እንዳይተዉ ይነገራቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ሰው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቋጠሮ ጠጠር ትሆናለችና።

ፈትል ቢበጠስ ወይም ልቃቂቱ ቢያልቅ የሚቀጠለው ያለ ቋጠሮ ነው። የሁለቱም ጫፍ ክራቸው ይፈታል፤ በውኃ ይረጥባሉ፤ ተደራርበው በሁለት መዳፍ መካከል ሙቀት እስኪሰማ ድረስ ይታሻሉ። የበግ ጠጕር በዓይን የማይታይ ቅርፊት ስላለው እርስ በርሱ ተያይዞ አንድ ፈትል ይሆናል። በጥጥ ግን ይህ አይቻልም።

እግሩ በቀጥታ እየተሠራ ከጣት ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው መቀነስ ይጀመራል። በቀኝና በግራ ዳር ሁለት ሁለት፥ በአንድ ዙር 4 ቀለበት ይቀነሳል፤ በመጀመሪያ በየሁለተኛው ዙር፥ 20 ሲቀር በየዙሩ። 8 ሲቀር ክሩ ይቈረጥና በ8ቱ ውስጥ አልፎ ይሳባል፤ ጫፉም በውስጥ በኩል በቀለበቶቹ መካከል ተሸሽጎ ይሰፋል።

አንደኛው ሹራብ ሲያልቅ የሚሆነው ነገር በሁሉ ዘንድ አንድ ነው። ሰው ያለብሰዋል፤ ያደንቀዋል፤ ለጐረቤት ያሳያል፤ ሁለተኛውን ግን ነገ ይላል። ስለዚህ ብልህ ሠሪ የመጀመሪያውን በፈጸመበት ቀን፥ እጁ ሳይቀዘቅዝ፥ የሁለተኛውን 36 ቀለበት በመርፌ ላይ ይሰካል። የዙሩንም ቍጥር በወረቀት ይጽፋል፤ በግምት የተሠሩ ሁለት ሹራቦች አንዱ እስከ ባት፥ ሁለተኛው እስከ ቁርጭምጭሚት ይሆናሉና።

አጠባው በለብታ ውኃ ነው። በፈላ ውኃና በብርቱ መታሸት ያ ፈትልን የሚያያይዘው ቅርፊት ሹራቡን ሁሉ ያያይዘዋል፤ የትልቅ ሰው የነበረው ለሕፃን ይሆናል። ውኃው ተጨምቆ እንጂ ተጠምዝዞ አይወጣም፤ ሹራቡም በጥላ ተዘርግቶ ይደርቃል። ተረከዙ ሲሳሳና በፀሐይ ፊት ሲይዙት ብርሃን ሲያሳልፍ፥ ሳይቀደድ በዚያው ፈትል በመርፌ ይጠቀማል። ስለዚህ ከልቃቂቱ የተረፈው ጥቂት ፈትል ሳይጣል ከመርፌዎቹ ጋር ይቀመጣል።